ክኒኑን የሰጠው ልጅ ነፍሰ ገዳይ ነው?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦

እትዬ፣ ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍልዎት ከድሬዳዋ፣ ከሳቢያን ነው። 31 ዓመቴ ነው። ቀፊራ ገበያ ልብስ እሰፋለሁ። ታናሽ ወንድሜ ከሞተ ዛሬ 40 ቀን ሞላው። 24 ዓመቱ ነበር። ባጃጅ ነበር የሚነዳው።

ቅዳሜ ከሰዓት ከጓደኞቹ ጋር በርጫ ተቀመጡ። አምስት ነበሩ። አንዱ የሰፈራችን ልጅ ነው፣ ከወንድሜ ጋር አፈር ፈጭተው ነው ያደጉት። ክኒኑን ያመጣው እሱ ነው። ትራማዶል ነው አሉ። ሹፌሮች ድካም ያጠፋል እያሉ ይውጡታል። ወንድሜ ስንት እንደዋጠ የሚያውቅ የለም። ማታ ለጨብሲ አረቄ ጠጡ። ሦስት ሰዓት ገደማ ወንድሜ ተኛ። ያንኮራፋ ነበር፤ ግን የጤነኛ ሰው ማንኮራፋት አይመስልም ነበር አሉ፣ ጉሮሮው ውስጥ ውሃ ያለ ይመስል ነበር። «ተዉት፣ ይተኛ» ተባለ። ከንፈሩ ሲጠቁር ወተት ሊያጠጡት ሞከሩ። አንዱ ሆስፒታል እንውሰደው ሲል ሌላው «ፖሊስ ይመጣል» አለ። ሰባት ሰዓት ላይ በራሱ ባጃጅ ጭነው ድል ጮራ ሆስፒታል አደረሱት። ሐኪሙ ሞቷል አለ። ሦስቱ ከበር ላይ ጠፉ። ክኒኑን ያመጣው ልጅ ግን እኛ እስክንደርስ ድረስ አስከሬኑ አጠገብ ቁጭ ብሎ ነበር። ፖሊስ የያዘው እሱን ነው።

አስከሬኑ አዲስ አበባ ሄዶ ይመርመር ተብሎ ነበር። አባባ «ልጄን ቢላዋ አይነካውም» ብለው እምቢ አሉ። በማግስቱ ቀበርነው።

ሚኒሶታ ያለው አጎቴ በየቀኑ ይደውላል። «እዚህ ቢሆን በግድያ ተከሶ 25 ዓመት ይፈረድበት ነበር፣ እንዳትለቁት» ይላል። ሽማግሌዎች ደግሞ ሦስት ጊዜ ተመላልሰዋል። የልጁ እናት ለቅሶ መጥታ በር ላይ ቆማ አልቅሳ ሳትገባ ተመለሰች። ከእናቴ ጋር ቡና ይጠራሩ ነበር።

ለማንም ያልነገርኩት አንድ ነገር አለ። የወንድሜን ጃኬት ላጥብ ስል ኪሱ ውስጥ የክኒን ማሸጊያ አገኘሁ። አሥር ክኒን የሚይዝ ነው፣ ሦስት ቀርቶታል። ለፖሊስ ብሰጠው ወንድሜን ሱሰኛ ያስብልብኛል ብዬ ሳጥን ውስጥ ደበቅሁት።

ልጁ ገዳይ ነው? በግድያ እንዲከሰስ እንግፋ? ብንታረቅስ ክሱ ይቀራል? ማሸጊያውንስ ምን ላድርገው?

እህት፣ ከሳቢያን

መልስ፦

ልጄ፣ ነፍስ ይማር። ፈጣሪ እናንተንም ያጽናችሁ። ደብዳቤሽን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። እንደ ጠበቃ ላነበው ብሞክርም አልቻልኩም። እኔም ያደግኩት እዚያው ድሬ፣ ከዚራ ነው። 22 ዓመት ዐቃቤ ሕግ ነበርኩ፣ ዘጠኙን ድሬ ላይ ነው የሠራሁት። የድሬ ልጅ ሆነሽ «እርስዎ» ስትዪኝ ሐዘኑ ምን ያህል እንደከበደሽ ገባኝ። ሌላ ጊዜ ስትጽፊ አንቺ በዪኝ።

ከመጨረሻው ጥያቄሽ ልጀምር፣ የሚቸኩለው እሱ ነውና።

ማሸጊያውን ነገ ጠዋት ለመርማሪው ስጪ። አትጥረጊው፣ የቀሩትን ክኒኖች አታውጪ። ንጹሕ ፖስታ ውስጥ ክተቺው። የቱ ኪስ ውስጥ፣ በየትኛው ቀን እንዳገኘሽው ጻፊ። ስታስረክቢ መረከባቸውን በጽሑፍ እንዲሰጡሽ ጠይቂ። ቃልሽም ይመዝገብ። ለምን ዘገየሽ ቢሉሽ የወንድሜ ስም እንዳይጠፋ ፈርቼ ነው በዪ። እውነት ነው፣ የሚያሳፍርም አይደለም።

ማሸጊያው ብዙ ይናገራል። ጀርባው ላይ የመድኃኒቱ ስም፣ መጠኑ በሚሊግራም፣ አምራቹና የምርት ቁጥሩ ይገኛል። የቀሩት ሦስት ክኒኖች ቤተ ሙከራ ሊገቡ ይችላሉ። ላዩ ላይ ትራማዶል ተብሎ ስለተጻፈ ውስጡ ትራማዶል ነው ማለት አይደለም፤ በኮንትሮባንድ በገባ መድኃኒት ላይ የተጻፈውና በውስጡ ያለው ላይገናኝ ይችላል። እስካሁን ያለው ማስረጃ በሙሉ የሚያመለክተው አንድ ልጅን ነው። ለልጁ የሸጠለትን፣ ለሻጩም ያመጣለትን ሰው ለማግኘት መነሻ የሚሆን ነገር ካለ በሳጥንሽ ውስጥ ያለው ነው።

አንድ ሌላ ነገርም አለ፣ ልደብቅሽ አልፈልግም። ማሸጊያው በወንድምሽ ኪስ መገኘቱ ለተያዘው ልጅም ይጠቅመው ይሆናል። ልጁ ነው የሰጠው? ወይስ ወንድምሽ ራሱ ሌላ ቦታ ገዝቶ ነበር? ይህን ዳኛ ሳይሰማ ልጁ ላይ ቢፈረድ የወንድምሽ ደም በሐሰት ተመለሰ ማለት ነው። አንቺም ሳጥኑን በከፈትሽ ቁጥር ያቃጥልሻል።

ስለ ስሙ ደግሞ፦ የሞተ ሰው አይከሰስም። ሌሊት ባጃጅ የሚነዳ፣ ወገቡ የሚያመው፣ እንቅልፍ የሚጥለው ወጣት ጓደኛው «ይህን ዋጥ፣ ይለቅሃል» ሲለው ቢውጥ ስሙ አይጠፋም። ትራማዶል ሐኪም የሚያዘው የሕመም ማስታገሻ ነው። ከሞርፊን ቤተሰብ ነው። ሐኪም ለአዋቂ ሲያዝ በቀን ከ400 ሚሊግራም አያሳልፍም። ሲበዛ የሚጥል በሽታ ዓይነት መንቀጥቀጥ ያመጣል፣ ትንፋሽንም ያዘገያል። አረቄም በበኩሉ ትንፋሽ ያዘገያል። ሁለቱ ሲገናኙ አንጎል መተንፈስን ይረሳል። ያ የሰሙት ማንኮራፋት የእንቅልፍ አልነበረም። ወንድምሽ አየር እያጠረው ነበር።

አሁን ወደ ከባዱ። ልጁ ነፍሰ ገዳይ ነው? በእኔ እምነት አይደለም። ሊያምሽ እንደሚችል አውቃለሁ፣ ግን ዙሪያውን ዞሬ ልነግርሽ አልፈልግም።

በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕጋችን ሰው ሲሞት መጀመሪያ የሚጠይቀው አድራጊው ምን እያሰበ ነበር ብሎ ነው። አንቀጽ 58 ስለ አሳቢ ነው። ሊገድል የፈለገ ብቻ ሳይሆን፣ ሊሞት እንደሚችል እያወቀ «የመጣው ይምጣ» ብሎ ያደረገም አስቦ እንዳደረገ ይቆጠራል። አንቀጽ 59 ስለ ቸልተኛ ነው። ማወቅ ሲገባው ያላወቀ፣ ወይም አይደርስም ብሎ የተዘናጋ። በአንቀጽ 540 የሚጠየቅ ነፍሰ ገዳይ ከ5 እስከ 20 ዓመት ጽኑ እስራት ይጠብቀዋል። በአንቀጽ 543 በቸልተኝነት ሰው የገደለ በመደበኛው ድንጋጌ ከ6 ወር እስከ 3 ዓመት ቀላል እስራት ወይም መቀጮ ነው። ልዩነቱ የሰማይና የምድር ነው። ዋስትናውም በዚሁ ይወሰናል፤ ልጁ ውጭ ሆኖ ወይም ታስሮ ፍርዱን የሚጠብቀው በአንቀጹ ነው።

ልጁ ከዚያው ክኒን ራሱም ውጦ ከሆነ፣ ይህን መርማሪውን ጠይቂ፣ «ይሞታል፣ የመጣው ይምጣ» ብሎ ነው የሰጠው ለማለት በጣም ይከብዳል። ራሱን ሊገድል አልተቀመጠማ።

ሁለተኛው ምክንያቱ ነው። አንቀጽ 24 ድርጊቱና ሞቱ መያያዝ አለባቸው ይላል። ሌላ፣ ብቻውን ሞቱን ለማምጣት የሚበቃ ነገር መሃል ከገባ ሰንሰለቱ ይበጠሳል። እስቲ የዚያን ሌሊት ነገር አስቢው። ክኒን አለ፣ መጠኑ አይታወቅም። አረቄ አለ። ከሦስት ሰዓት እስከ ሰባት ሰዓት አራት ሰዓት ሙሉ ያለ እርዳታ መተኛት አለ። ወተትም አለ፤ ራሱን የሳተ ሰው ጉሮሮ ውስጥ የሚገባ ወተት ሳንባ ነው የሚሄደው። የአስከሬን ምርመራ ደግሞ የለም። በአባባ አልፈርድም። እኔም ወንድሜን ባጣ እንደሳቸው ልል እችል ነበር። ግን ዐቃቤ ሕጉ ዳኛው ፊት ቆሞ «የገደለው ይህ ክኒን ነው» ሲል በእጁ ምን አለው?

አጎትሽ የሚለው ሕግ በእርግጥ አለ። በሚኒሶታ ለሰው ከከባዶቹ አደንዛዥ ዕፆች አንዱን ሸጦ ወይም ሰጥቶ ያ ሰው ከሞተ ሦስተኛ ደረጃ ግድያ ይባላል፣ እስከ 25 ዓመት ያስቀጣል። ሊገድል መፈለጉ አይጠየቅም። ግን ይህ ዓይነቱ ሕግ በፌዴራል ደረጃ እንዴት እንደመጣ አጎትሽ ይንገርሽ፣ ካላወቀም ይህን አንብቢለት።

እ.ኤ.አ. ጁን 1986 ሌን ባያስ የሚባል የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ የቅርጫት ኳስ ተጫዋች ነበር፣ 22 ዓመቱ። ቦስተን ሴልቲክስ የሚባለው የቅርጫት ኳስ ክለብ መረጠው። በሁለተኛው ቀን ሌሊት ከጓደኞቹ ጋር ኮኬይን ወስዶ ሞተ። አገሩ ተናወጠ። በአራት ወር ውስጥ፣ በኦክቶበር፣ ምክር ቤቱ ሕግ አወጣ። የሸጠው ዕፅ ሰው ከገደለ ሻጩ ቢያንስ 20 ዓመት ይታሰራል፣ ዳኛው መቀነስ አይችልም። ያኔ የተከሰሰው ማን መሰለሽ? አብሮት የነበረው ጓደኛው። አምቡላንስ የጠራውም እሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1987 ፍርድ ቤት ነጻ አወጣው።

ይህን ታሪክ ሳነብ ድል ጮራ ሆስፒታል አስከሬን አጠገብ ቁጭ ያለውን ልጅ ነው ያየሁት።

ከዚያ ወዲህ በብዙ ግዛቶች ተመሳሳይ ሕግ ወጣ። በጥቅሉ «በዕፅ የሰው ግድያ» ይሉታል። የምክንያት ጥያቄው ግን እነሱንም አልለቀቃቸውም። ማርከስ ቡራጅ የሚባል ሰው አዮዋ ውስጥ ሄሮይን ሸጠ፣ ገዢው በማግስቱ ሞቶ ተገኘ። ሟቹ ግን ሌሎች መድኃኒቶችንም ወስዶ ነበር። ሐኪሞቹ ሄሮይኑ አስተዋጽኦ አድርጓል አሉ፣ ያለ ሄሮይኑ በሕይወት ይኖር ነበር ብለው ግን ሊምሉ አልቻሉም። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 2014 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በሙሉ ድምፅ ወሰነ። አስተዋጽኦ ማድረግ አይበቃም፣ ያ ዕፅ ባይኖር ኖሮ ሰውየው አይሞትም ነበር ተብሎ መረጋገጥ አለበት አለ። ለሽያጩ ይቀጣ፣ ለሞቱ የተጨመረው ቅጣት ግን ተነሣ። እነዚያ ምርመራው ሁሉ ተሟልቶላቸው ነው ይህ የሆነው። እኛ ምርመራ የሌለበት ፋይል ይዘን «ገዳይ» እንበል?

ሕጉ ሞትን ቢያስቆም ኖሮ ሌላ ነገር እል ነበር። አሜሪካ ውስጥ ከ36 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2022፣ ወደ 108,000 የሚጠጋ ሰው ከመጠን በላይ ዕፅ ወስዶ ሞቷል። ሕጉ አመጣው አልልም። ፌንታኒል የሚባል፣ ከሄሮይን 50 እጥፍ የሚበረታ ነገር ገብቶ ነው። ግን ያ ሁሉ ዓመት እስራት ፌንታኒሉን በር ላይ አላቆመውም። በዚህ ሕግ የሚያዘው ደግሞ ብዙ ጊዜ ለመጨረሻ ጊዜ እጅ በእጅ የሰጠው ነው። እሱ ደግሞ ባብዛኛው ጓደኛ ነው፣ ፍቅረኛ ነው፣ አብሮ ተጠቃሚ ነው። ስልኩ ሟቹ ስልክ ውስጥ አለ፣ ለማግኘት ቀላል ነው። ጅምላ አምጪውን ሟቹም አያውቀውም።

ለምን እንዲህ እንደምከራከር አሁን ልንገርሽ። ሕጉን ከመጽሐፍ ብቻ ተምሬ አይደለም።

በ1980ዎቹ መጨረሻ ነው፣ ወጣት ዐቃቤ ሕግ ሆኜ። አንድ ልጅ የእንቅልፍ ክኒን ከአረቄ ጋር ወስዶ ራሱን ሳተ። ጓደኛው ተሸክሞ ሆስፒታል አደረሰው። ልጁ ዳነ። ጓደኛው ግን ክኒኑን ያመጣሁት እኔ ነኝ ብሎ ለሐኪሙ ተናገረ፣ ሐኪሙ እንዲያውቅ ብሎ ነው። እኔ ያንን ቃል ይዤ ከሰስኩት። ተፈረደበት። አለቃዬ አመሰገነኝ። ደስ ብሎኝ ነበር።

ሁለት ወር አልሞላውም። እዚያው ሰፈር ሌላ ልጅ ሞተ። የሆስፒታል ዘበኛ ጎህ ሲቀድ አጥሩ ሥር ተኝቶ አገኘው። ጓደኞቹ እስከ በሩ አምጥተውት ጥለውት ነው የሮጡት። በኋላ ሁለቱ ተያዙ። አንዱን እኔ ነኝ የጠየቅሁት። ለምን ይዛችሁት አልገባችሁም? አልኩት። ዓይኔን አይቶ «እናንተን ፈርተን» አለኝ።

እናንተ ያለው እኔን ነው። የበፊቱን ልጅ ያሳሰርኩት እኔ ነኝ፣ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። በርግጥ አንድ ክስ አንድ ሰው ገደለ ብሎ መማል አይቻልም፣ ይህንኑ የምክንያት ጥያቄ አሁን ላንቺ እያስተማርኩሽ ነው። ግን 30 ዓመት አለፈ፣ የዚያ ልጅ ድምፅ አልጠፋኝም። በወንድምሽም ቤት «ፖሊስ ይመጣል» የምትለው ቃል አለች። አራት ሰዓት የበላችው እሷ ናት።

ልጁ በነጻ ይሂድ እያልኩሽ አይደለም። በፍጹም። መድኃኒት ያለ ሐኪም ትእዛዝና ያለ ፈቃድ ማዘዋወር በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 የተከለከለ ነው። ክኒኑ በናርኮቲክ (አደንዛዥ) ወይም በሳይኮትሮፒክ (አእምሮን የሚለውጥ) የተመደበ ሆኖ ከተገኘ ደግሞ የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 525 አለ። ከ5 ዓመት የማያንስ ጽኑ እስራትና እስከ 100,000 ብር መቀጮ ነው። ያለ ገንዘብ በነጻ የሰጠንም አይምርም። ትራማዶል በዓለም አቀፍ የአደንዛዥ ዕፅ ስምምነቶች ዝርዝር ውስጥ ስለሌለ፣ የትኛው ሕግ እንደሚሠራ የሚወስነው ክኒኑ ምንነት ነው። ይኸው እንግዲህ፣ ማሸጊያሽ እንደገና መጣ። ልጁ ለሠራው፣ ለሠራው ያህል ይጠየቅ። ቸልተኝነቱም ከተረጋገጠ 543 አለ። ዐቃቤ ሕጉ ዘንድ ስትሄጂ «በግድያ ክሰስልን» ከምትዪ «ክኒኑን ከማን ነው የገዛው? ያ ሰው ለምን አልተያዘም?» በዪ። ይህን ጥያቄ በየሳምንቱ ሄደሽ ጠይቂ። አትታክቺ።

ሦስቱ ከበር የጠፉት ልጆችም አሉ። እንዲታሰሩ አልጓጓም፣ መጨረሻ ላይም ቢሆን ጭነውት መጥተዋል። ቃላቸውን መስጠት ግን አለባቸው። ስንት ክኒን ነበር፣ ስንት ሰዓት ላይ፣ «ፖሊስ ይመጣል» ያለው ማን ነው፣ «እንውሰደው» ያለውስ? ምናልባት «እንውሰደው» ያለው የታሰረው ልጅ ይሆናል። ይህ ለፍርዱ ትልቅ ነገር ነው። በአንቀጽ 82 ከጥፋቱ በኋላ ተጎጂውን የረዳ፣ ጥፋቱን ያመነ፣ ራሱን ለሕግ የሰጠ ቅጣቱ ይቀልለታል። አስከሬን አጠገብ ቁጭ ብሎ የጠበቀ ልጅ ከዚህ በላይ ምን ያድርግ?

ስለ እርቁ አጭር ነው። የሰው ሞት የመንግሥት ጉዳይ ነው፣ በእናንተ አቤቱታ የተነሣ ክስ አይደለም። ብትታረቁም ክሱ አይቀርም። ባትታረቁም አይከብድም። ስለዚህ ሽማግሌዎቹ «ታረቁና ልጁ ይፈታ» ካሉ የማይችሉትን ነው ቃል የሚገቡት። ለካሣም ሆነ ለሌላ ነገር ቃላችሁን ለውጡ ካሏችሁ እምቢ በሉ። ሁለቱ ቤቶች እንዲነጋገሩ ብቻ ከሆነ የሚፈልጉት ግን ፍቀዱላቸው። የወንድምሽን ሬሳ ብቻውን ያልተወው ልጅ እናት በር ላይ ቆማ ተመልሳለች። ይህ የሕግ ምክር አይደለም፣ የእኔ ነው። እናትሽ ስትችል፣ ዛሬ ካልሆነ ከርሞ፣ ቡና ትጥራት።

ለአጎትሽ አንድ ነገር ንገሪልኝ። ሐዘኑ ይገባኛል፣ ሩቅ ሆኖ መቅበር ከባድ ነው። እዚያ አገር በአፍንጫ የሚረጭ ናሎክሶን የሚባል መድኃኒት አለ። ዕፁ ያቆመውን ትንፋሽ መልሶ ይከፍታል። እ.ኤ.አ. ከ2023 ጀምሮ ያለ ሐኪም ትእዛዝ እንዲሸጥ ተፈቅዷል። ደውሎ እርዳታ የጠራን ሰው ዕፅ ይዘሃል ብሎ ከመክሰስ የሚከላከል ሕግም በአብዛኞቹ ግዛቶች አለ፣ መጀመሪያ ያወጣችው ኒው ሜክሲኮ ናት፣ እ.ኤ.አ. በ2007። በብዙዎቹ ግን ይህ ከለላ ሰው ሞቶ በግድያ ለሚመጣ ክስ አይሠራም፣ ያም ቁጭቴ ነው። የእኛ የወንጀል ሕግ ውስጥ እንዲህ ያለ ግልጽ ከለላ የለም። አጎትሽ ከአሜሪካ ሕግ አንዱን እንድንወስድ ከፈለገ ይህንን እንውሰድ ይበል። እኔም ፊርማዬን አኖራለሁ።

ጥያቄ፦

ባጃጅ ሹፌር ነኝ፣ ድሬዳዋ ገንደ ቆሬ። በቀደም ሌሊት ሁለት ልጆች ራሱን የሳተ ጓደኛቸውን ሊጭኑ አስቆሙኝ። አረፋ ደፍቆ ነበር። ባጃጄ ውስጥ ቢሞት እኔ ነኝ የምታሰረው ብዬ ነድቼ ሄድኩ። እንቅልፍ አጣሁ። ብጭነው ኖሮ እጠየቅ ነበር ወይ?

መልስ፦

ይህን ደብዳቤ ከላይኛው ጋር ያወጣሁት ሆን ብዬ ነው፣ ወንድሜ። የመጣው በዚያው ሳምንት ነው።

በመጫንህ አትጠየቅም። በሕጉ የሚያስጠይቀው ትቶ መሄድ ነው። አንቀጽ 575 ሕይወቱ አደጋ ላይ ያለን ሰው፣ በራስህ ላይ አደጋ ሳይመጣ መርዳት እየቻልክ እያወቅህ ብትተወው ያስቀጣል ይላል። እስከ 6 ወር ቀላል እስራት አለው። ላስፈራራህ አይደለም፤ ሕጉ ከጫነው ሰው ጎን እንደቆመ እንድታውቅ ነው። ሆስፒታል ስትደርስ ስምህን፣ የሰሌዳ ቁጥርህን፣ ከየት እንደጫንክና ስንት ሰዓት እንደነበር ተናገር። ፖሊስ ሊጠይቅህ ይችላል፣ ቃል መስጠት መታሰር አይደለም። ፈራሁ ካልክ ለማኅበርህ ወይም ለአንድ ባልደረባህ እየነዳህ ደውልና «ሰው ጭኛለሁ» በል። ምስክር ይሆንሃል።

ሌላ ቀን ካጋጠመህ እንዲህ አድርግ። ስሙን ጮክ ብለህ ጥራው። ደረቱ መሃል ያለውን አጥንት በጣትህ አንጓ አሸት አሸት አድርገው። ካልነቃ፣ ትንፋሹ ከዘገየ፣ ጉሮሮው ከተንኮራፋ፣ ከንፈሩና ጥፍሩ ከጠቆረ ወይም አመድ ከመሰለ ጊዜ የለም። የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907 ይጠራል። ቶሎ ካልመጣ ጫነው። በጀርባው አታስተኛው፣ በጎኑ አድርገው፣ ከላይ ያለውን ጉልበቱን አጥፈው፣ ቢያስመልሰው ወደ ውጭ እንዲወጣ ፊቱ ወደ ታች ዘንበል ይበል። አንዱ ጓደኛው አብሮት ይቀመጥ፣ ደረቱ ሲነሣና ሲወርድ እያየ ይቁጠር። አፉ ውስጥ ምንም አታስገቡ። ወተት የለም፣ ሎሚ የለም፣ ቡናም የለም። ቀዝቃዛ ውሃም አትድፉበት።

ጓደኞቹን መንገድ ላይ አንድ ነገር ብቻ ለምናቸው። ምን እንደወሰደና መቼ እንደወሰደ ለሐኪሙ ይንገሩት። የክኒኑ ማሸጊያ ካለ ይያዙት። ሐኪም መድኃኒቱን የሚመርጠው በዚያ ነው። ቢነቃም «ተሻለው» ብለው ይዘውት እንዳይወጡ። የተሰጠው መድኃኒት ከዋጠው ክኒን ቀድሞ ሊያልቅ ይችላል፣ ትንፋሹ ተመልሶ ይዘጋል። ሰዓታት መቆየት አለበት።

የዚያ ሌሊቱ ልጅ ምን እንደደረሰበት አላውቅም። አንተ ግን ያስቆሙህን ቦታ ታውቀዋለህ። ሄደህ ጠይቅ።